ከጎዳናው እስከ ፈተናው ክፍል፦ የማስተርስ ተማሪው በሶሺዮሎጂ ታሪክ ውስጥ



ስለ ሶሺዮሎጂ ታሪክ ንግግር አድርግ የተባለ ሰው ከኦጉስት ኮምት ተነሥቶ በዱርካይምና በቬበር በኩል ወደ ዘመናችን መድረሱ የተለመደ ነው። ያንን መንገድ ሁላችሁም በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታችሁ ተመላልሳችሁበታል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ማስተርስ ተማሪዎች ነው። ገና ዲግሪያቸውን ያልያዙ፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃቸው፣ የጥናት ርእስ ፍለጋ የሚባዝኑ ወጣቶች በአንድ ወቅት ይህን የትምህርት ዘርፍ እንዴት እንደ ሠሩት፣ ዘርፉም በተራው እነርሱን እንዴት እንደ ተቀበላቸው ማንሣት እፈልጋለሁ። ቦታው ቺካጎ ነው፤ ጊዜው ከ1890ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ያለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ርእስ የመራኝ በተደጋጋሚ የማየው ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮፖዛል ይዘው ከሚመጡት መካከል ስለሚያጠኑት ኑሮ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ የሚያውቁ ተማሪዎች አሉ። ስለ ቀን ሠራተኞች የሚያጠናው ራሱ በየክረምቱ ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ ነው፤ ስለ ጉልት ነጋዴዎች የምታጠናው የጉልት ነጋዴ ልጅ ናት። በጽሑፉ ውስጥ ግን ይህ የለም። «አጥኚዋ ከመረጃ ሰጪዎች ጋር መቀራረብን ለመፍጠር ጥረት አድርጋለች» የሚል ዓረፍተ ነገር እናነባለን እንጂ፣ ከመረጃ ሰጪዎቹ አንዷ ወላጅ እናቷ እንደ ሆነች አይነገረንም። ለምን ሸሸግሽው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሳይንሳዊ አይመስልም ብዬ ፈራሁ ትላለች። ይህ ፍርሃት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከትምህርት ክፍሉ ልደት ጋር እኩያ ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጆን ሮክፌለር ገንዘብ ተቋቁሞ በ1892 ማስተማር ሲጀምር፣ በአልቢዮን ስሞል የሚመራ የሶሺዮሎጂ ክፍል አብሮት ተከፈተ። ስሞል በ1895 የአሜሪካን ጆርናል ኦቭ ሶሺዮሎጂን መሠረቱ፤ መጽሔቱ ዛሬም ይታተማል። በዙሪያቸው የነበረችው ከተማ በ1850 ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ ብቻ ነበራት። በ1890 ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ አለፈች፤ በ1920 ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ደረሰች። ፖላንዳዊው፣ ጣሊያናዊው፣ ጀርመናዊው፣ አይሁዱ፣ ከደቡብ የተሰደደው ጥቁር አሜሪካዊ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ሰፈሩ። እንዲህ ያለች ከተማ ከዚያ በፊት ስላልነበረች፣ ስለ እርሷ የተጻፈም ብዙ አልነበረም። ለዛሬ ተማሪዎች የሚያስቀና ነገር ነው፤ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር።

እዚህ ላይ ለባለ መብቶቹ መብታቸውን መስጠት ያስፈልጋል። ከተማዪቱን በካርታ ለማጥናት ቀድመው የወጡት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አልነበሩም። በ1889 በጄን አዳምስና በኤለን ጌትስ ስታር የተመሠረተው የኸል ሃውስ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በ1895 ባሳተሙት ጥናት በሰፈራቸው ያለውን ቤተሰብ በትውልድ አገሩና በሳምንት ገቢው ለይተው ቤት ለቤት በቀለም አሳይተዋል። በኋላ የዩኒቨርሲቲው ምሁራን በካርታ ሥራቸው ሲመሰገኑ፣ እነዚህ ሴቶች «የበጎ አድራጎት ሠራተኞች» ተብለው ከትምህርቱ ታሪክ ደጃፍ ውጭ ቆዩ።

ከደጃፉ አልፋ የገባችው አኒ ማሪዮን ማክሊን ነበረች። በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ተወልዳ፣ በ1897 ከቺካጎ በሶሺዮሎጂ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለች፤ በ1900 ደግሞ ዶክትሬቷን አገኘች። በ1899 በስሞል መጽሔት ላይ ያወጣችው ጽሑፍ በቺካጎ ትልልቅ መደብሮች በገና ገበያ ሰሞን ሻጭ ሆና ተቀጥራ ያሳለፈቻቸውን ሁለት ሳምንታት ይተርካል። ቀኑን ሙሉ በእግር መቆሙን፣ ቅጣቱን፣ ለምግብና ለማደሪያ የማይበቃውን ደመወዝ ራሷ ቀምሳ ጻፈችው። ዛሬ «ተሳትፏዊ ምልከታ» የምንለውን ዘዴ፣ ስሙ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሠርታበታለች። ሽልማቷስ? ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተልእኮ ትምህርት ክፍል ውስጥ በደብዳቤ አስተማረች። ከዋናው ክፍል ወንበር አላገኘችም።

በዚህ ንግግር መምህራኑን በአንቱታ፣ ተማሪዎቹን በነጠላ እየጠራሁ መሆኔን አስተውላችሁ ይሆናል። የቋንቋችን ልማድ ነው፤ እኔም ላፈርሰው አልሞከርሁም። ነገር ግን ማክሊን ዶክተር ሆናም «እርሷ» እንደ ሆነች መቅረቷ፣ ልማዱ በእንግሊዝኛውም ዓለም በሌላ መልክ እንዳለ ያሳየናል።

አሁን ወደ 1910ዎቹ እንለፍ። በ1913 ገደማ ሮበርት ፓርክ ወደ ክፍሉ መጡ። ያኔ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት ከዐሥር ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሠርተዋል፤ በበርሊን የጌኦርግ ዚመልን ትምህርት ተከታትለዋል፤ በ1904 በሃይደልበርግ ዶክትሬታቸውን ጨርሰዋል፤ ለዓመታትም በቱስኪጊ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ሠርተዋል። ከኧርነስት በርጀስ ጋር ሆነው በ1921 ያወጡት የመማሪያ መጽሐፍ ለአንድ ትውልድ ዋና ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል። የፓርክ ትልቁ ሥራ ግን በእኔ ግምት መጽሐፍ አይደለም። ተማሪን ከቤተ መጻሕፍት አውጥተው ወደ ከተማዪቱ መስደዳቸው ነው። ተማሪው የኖረበትን ሰፈር፣ የሠራበትን ሥራ፣ የመጣበትን ማኅበረሰብ ይጠይቁትና «ይህንኑ ጻፈው» ይሉት ነበር። በዚህ መንገድ የማስተርስ ጽሑፍ የመውጫ ፈተና ብቻ መሆኑ ቀረና የዕውቀት ምንጭ ሆነ።

ከፓርክ ተማሪዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ቻርልስ ጆንሰን ነበር። በሐምሌ 1919 በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ አንድ ጥቁር ወጣት መሞቱን ተከትሎ በተነሣው የዘር ግጭት 38 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነዚህም 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች ነበሩ። ከ500 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ምክንያቱን እንዲያጣራ ለተሠየመው ኮሚሽን ምርምሩን በዋናነት ያካሄደውና ሪፖርቱን የጻፈው ጆንሰን ነው። በ1922 የታተመው ከ600 ገጽ በላይ ያለው ጥናት የቤት ኪራይን፣ የሥራ ቅጥርን፣ የጋዜጦችን አዘጋገብ ሳይቀር ይመረምራል። በሽፋኑ ላይ ያለው ግን የኮሚሽኑ ስም ነው። ጆንሰን ዶክትሬት ሳይዝ በ1946 የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነ። ስለ እርሱ ብዙ የሚባል ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዓቱን ልሰጥ የምፈልገው ለሌላ ተማሪ ነው።

ኔልስ አንደርሰን በ1889 ቺካጎ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከስዊድን የመጣ፣ ሥራ ፍለጋ ቤተሰቡን ይዞ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሰው ነበር። ልጁም ትምህርቱን አቋርጦ በባቡር ሐዲድ ግንባታ ላይ በበቅሎ ነጂነት ሠራ፤ በጭነት ባቡሮች ላይ ተደብቆ አገር አቋረጠ። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ሰው «ሆቦ» ይሉታል። ሆቦ ለማኝ አይደለም። በዚያ ዘመን ሰዎቹ ራሳቸው ሦስት ዓይነት ሰው ይለዩ ነበር፤ እየተዘዋወረ የሚሠራ አለ፣ እየተዘዋወረ የማይሠራ አለ፣ የማይዘዋወርም የማይሠራም አለ። ሆቦ የሚባለው የመጀመሪያው ነው። ሐዲዱን የዘረጋው፣ ስንዴውን ያጨደው፣ እንጨቱን የቆረጠው፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የማይፈለገው ሰው ነው።

አንደርሰን አንድ ቀን በምዕራቡ በረሃ ከባቡር ወርዶ ያስጠጋው የሞርሞን እምነት ተከታይ የሆነ የገበሬ ቤተሰብ ነበር። ሥራ ሰጡት፤ ትምህርቱን እንዲቀጥልም አበረታቱት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘመተ፤ ተመልሶ በዩታ ከሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በ1920 ተመረቀ። አንድ መምህሩ ሶሺዮሎጂን እንዲያጠና መክሮት በ1921 ቺካጎ ደረሰ። ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ ነበር፤ ገንዘብ አልነበረውም።

በከተማዪቱ የምዕራብ ማዲሰን ጎዳና የሆቦዎች መናኸሪያ ነበር። ርካሽ ማደሪያዎች፣ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች፣ ለእንጀራ ያህል የሚሸጡ ምግብ ቤቶች፣ የጎዳና ላይ ተናጋሪዎች ይታዩበታል። አንደርሰን በኋላ እንደ ገመተው በቺካጎ ያሉ ቤት አልባ ወንዶች ቁጥር ሥራ በሞላበት ጊዜ 30,000፣ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ 75,000 ይደርስ ነበር። ራሱ ሆቦ የነበረውና ለሆቦዎች የተቋቋመውን ኮሌጅ ይመራ የነበረው ሐኪም ቤን ሬይትማን ጥቂት የምርምር ገንዘብ እንዲገኝ ረዳ፤ በርጀስ ጥናቱን በኃላፊነት ያዙ፤ የከተማዪቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴም ደገፈው። አንደርሰን በዚያው ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ገባ። ከፓርክ ያገኘው የአሠራር መመሪያ አጭር ነበር፤ እንደ ጋዜጣ ዘጋቢ ያየኸውን፣ የሰማኸውንና የምታውቀውን ብቻ ጻፍ የሚል ነው።

ውጤቱ በ1923 «ሆቦ» በሚል ርእስ የታተመው መጽሐፍ ነው፤ የክፍሉ የሶሺዮሎጂ ተከታታይ መጻሕፍትም የመጀመሪያው ሆነ። እስቲ ይህን ለአፍታ አስቡት። ገና ማስተርሱን ያልያዘ ሰው የጻፈው ሪፖርት በመምህሩ ታርሞ መጽሐፍ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ የዶክትሬት ሥራዎች ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ። ኮሚቴው በመቅድሙ ላይ አጥኚው የመንገዱን ኑሮ ራሱ እንደ ተካፈለ በጥቂት ቃላት ይገልጻል። በምዕራፎቹ ውስጥ ግን የአንደርሰን የራሱ ሕይወት እምብዛም አይታይም። ሆቦዎቹ «እነርሱ» ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት «እኛ» ይላቸው የነበሩትን ሰዎች ነው እንዲህ የሚላቸው።

ይህን ዝምታ ለማስረዳት አንደርሰን ራሱ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። መጽሐፉ በ1961 እንደገና ሲታተም አዲስ መግቢያ ጻፈለት። የመማሪያ መጻሕፍት እርሱን የተሳትፏዊ ምልከታ ፋና ወጊ አድርገው ያቀርቡት ነበር፤ ሳይንቲስቱ ራሱን ለውጦ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ አጥንቶም ወጣ እንደ ማለት ነው። አንደርሰን ይህን አልተቀበለም። ወደ ጉድጓድ የወረድሁ አይደለሁም፤ ከዚያው ለመውጣት እየታገልሁ ነበር፤ መጽሐፉም እስክወጣ ድረስ የዕለት እንጀራ የማገኝበት ሥራ ነበር የሚል ሐሳብ አሰፈረ። በዘዴ ትምህርት ክፍሎቻችን ስለ «ውስጥ ዐዋቂ» እና «ውጭ ተመልካች» ብዙ ቃላት እናባክናለን። በእኔ አስተያየት ከዚህ መግቢያ የበለጠ እቅጩን የተናገረ ጽሑፍ አላነበብሁም። ውስጥ ዐዋቂነት ዝም ብሎ የሚገኝ ጥቅም አይደለም። ሊያመልጡት የሚፈልጉትን ነገር ወደ ኋላ ዞሮ መጻፍ ነው፤ ያሳፍራል፤ ያደክማል።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንግባ። መጽሐፉ ወጥቶ፣ ተነቦ፣ ተመስግኖም ሳለ አንደርሰን የማስተርስ ዲግሪውን ገና አልያዘም ነበር። በ1925 ለቃል ፈተና ቀረበ፤ ዛሬ ዲፌንስ የምትሉት መሆኑ ነው። የተጠየቀውን አብዛኛውን ሊመልስ አልቻለም። አንዳንዶቹ መልሶቹ ፈታኞቹን ፈገግ አሰኝተዋቸዋል። ውሳኔውን ለመስማት ተመልሶ ሲገባ አረጋዊው ስሞል ወደ ጎዳናው እያመለከቱ ነገሩት፤ እዚያ ውጭ ያለውን ሶሺዮሎጂ ከእኛ በተሻለ ታውቃለህ፣ እዚህ ውስጥ ያለውን ግን አታውቅም፣ ቢሆንም ዕድላችንን ሞክረን ዲግሪውን እንሰጥሃለን አሉት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔ ግን ስሞልን በቀላሉ ልኮንናቸው አልፈልግም። «እዚህ ውስጥ» ያለው ዕውቀትም ዕውቀት ነው። አንደርሰን የሆቦውን ቋንቋ፣ ሥራውን፣ ማደሪያውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል፤ የወቅታዊ ሥራ ገበያ እንዴት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚፈጥር ከሌሎች አገሮችና ዘመናት ጋር አነጻጽሮ ለማስረዳት ግን የንድፈ ሐሳብ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ይህን ጉድለት ያየዋል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ክፍሉ የጎዳናውን ዕውቀት በ1923 አትሞ ስም ሲያገኝበት፣ የአዳራሹን ዕውቀት ለዚያው ተማሪ የማካፈል ኃላፊነት እንዳለበት ግን አልተሰማውም። ከእርሱ የሚወሰደው ተወሰደ፤ ለእርሱ የሚሰጠው ግን «ዕድል መሞከር» ተባለ። በአገራችንም የመንደሩን ልጅ ለመረጃ መሰብሰብ የሚፈልጉት፣ ለትንታኔው ግን የማያምኑት ፕሮጀክቶች ጥቂት አይደሉም።

ሌላኛው መንገድ የፖል ክሬሲ ነው። በ1925 በአንድ የወጣቶች ጥበቃ ማኅበር ውስጥ ሲሠራ ስለ «ታክሲ ዳንስ» አዳራሾች እንዲያጠና ተላከ። በነዚህ አዳራሾች ወንዶች አንድ ትኬት በ10 ሳንቲም ገዝተው ከመረጧት ሴት ጋር አንድ ዘፈን ይጨፍራሉ፤ ከትኬቱ ግማሹ የሴቲቱ ነው። ስሙም እንደ ታክሲ ለአጭር ጊዜ ከመከራየቷ የመጣ ነው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሌላ መዝናኛ በራቸውን የዘጉባቸው ፊሊፒናውያንና ሌሎች ስደተኞች ነበሩ። ባለቤቶቹ ለጥናቱ ፈቃደኛ ስላልሆኑ ክሬሲና ባልደረቦቹ ማንነታቸውን ሳይገልጹ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገቡ። ሥራው በ1929 የማስተርስ ጽሑፍ፣ በ1932 መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ የፈቃደኝነት ቅጽ ሳታስፈርሙ መስክ የማትወጡት ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ሥራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደማያሳልፈው ታውቃላችሁ፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ክሬሲ በጉዳዩ ሳይጨነቅ አላለፈም። ሰው ለማያውቀው መንገደኛ ለወዳጁ የማይነግረውን ለምን ይነግረዋል የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ስለ «እንግዳው» አጥኚ ሚና የጻፈው ጽሑፍ አለ። የታተመው ግን በ1983፣ ደራሲው ካረፈ በኋላ ነው።

«እንግዳው» የሚለው ሐሳብ ከዚመል የመጣ ነው፤ ፓርክና በርጀስ በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አካተውት ስለ ነበር ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ሐሳቡ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ያደረሰውም ያው የትምህርት ክፍል ነው። በ1950ዎቹ ከቺካጎ ዶክትሬታቸውን የያዙት ዶናልድ ሌቪን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሩ፤ መንዝ ወርደው ገበሬዎችን አጠኑ፤ በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በኋላም የዚመልን ጽሑፎች አርመው በእንግሊዝኛ ያወጡት እርሳቸው ናቸው። ስለ አማራው ባህል ባሉት ነገር ብዙ ተከራክረናል፤ ወደፊትም እንከራከራለን። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ሌቪን እንግዳነታቸውን መደበቅ አላስፈለጋቸውም፤ እንዲያውም የሥልጣናቸው ምንጭ ሆነላቸው። የባዕዱ አጥኚ «እኔ» በመቅድሙ ላይ በኩራት ይቆማል። የመንዝ ገበሬ ልጅ ስለ መንዝ ቢጽፍ ግን «ሳይንሳዊ አይመስልም» ብሎ ራሱን ይሰውራል። አንደርሰን ምዕራብ ማዲሰን ላይ ያደረገውም ይኸው ነው።

ስለ ሌሎቹ ተማሪዎች በአጭሩ ልጨምር። በርጀስ ወረቀት የማይጥሉ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ለየኮርሱ የጻፏቸው የሰፈር ጥናቶች፣ የሕይወት ታሪኮችና የመስክ ማስታወሻዎች በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከእርሳቸው መዛግብት ጋር ተቀምጠው ይገኛሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች የ1920ዎቹን የቺካጎ ዕለታዊ ኑሮ ለማወቅ ዛሬ ወደ እነርሱ ይሄዳሉ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ መምህር አልሆኑም፤ ስማቸውም በየትኛውም የሶሺዮሎጂ ታሪክ ውስጥ የለም። በአገራችንም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተጻፉ የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎችን የታሪክ ምሁራኖቻችን ዛሬም ድረስ በየግርጌ ማስታወሻው ሲጠቅሷቸው እናያለን፤ በጊዜው ውጤት ተሰጥቷቸው መደርደሪያ ላይ የቀሩ ጽሑፎች ነበሩ። ስለዚህ አንድን የማስተርስ ጽሑፍ «ለዲግሪ ማሟያ ብቻ» ነው እያልን ስናርም፣ በመደርደሪያው ላይ ከእኛ በኋላ ማን እንደሚመጣ አናውቅም።

አንደርሰን በቺካጎ ዶክትሬት አልሠራም። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በ1930 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ለሥራ አጦች ሥራ በሚፈጥረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አገለገለ፤ በጦርነቱ ጊዜ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያም ለዓመታት በጀርመን በመንግሥትና በዩኔስኮ ሥራ ላይ ቆየ። ዩኒቨርሲቲዎች በሩን በሰፊው የከፈቱለት በ1960ዎቹ ነው። በካናዳ የኒው ብራንዝዊክ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ሲቀበለው ዕድሜው ከሰባ አምስት በላይ ነበር። በ1975፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣ ስለ ሆቦነቱ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚህኛው መጽሐፍ ውስጥ «እኔ» ይላል።